የጭላሎ አሰላፊ ራቢያ

ራቢያ ስንዴ ነክሳ የምትፈርድ ሴት ናት። ማሳ ዳር ትቆማለች፣ አንድ ዛላ ቀጥፋ በመዳፏ ታሻለች፣ ገለባውን እፍ ትላለች፣ ከዚያ አንዷን ፍሬ መንጋጋዋ ላይ ታስቀምጣለች። ፍሬዋ ቅጭ ካለች «ደርሷል» ነው። ከተላመጠች «አራት ቀን» ወይም «ሳምንት» ነው። ከዚያ ወዲያ ባለማሳው ቢለምን፣ ባለ ኮምባይነሩ ቢቆጣ፣ ንግግር የለም። ከዴራ እስከ ሳጉሬ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮምባይነርን ከገበሬ ስታገናኝ የኖረችው በዚህ መንጋጋ ነው።

ስለ መንጋጋዋ ብቻ ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ካርድ ጨዋታዋ ነው። አዎ፣ ካርድ! አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የልጅ ልጅ አቅፋለች፣ በስልኳ ላይ የካርድ ጦር ታዋጋለች። እኔም ከጎኗ ነበርኩና ያየሁትን ነው የምናገረው። ከአሉባልታ የጨመርኩበት የለም፤ ከደስታ ግን ትንሽ ሳልጨምርበት አልቀርም።

መጀመሪያ ሥራዋን ላስረዳ፣ ያለሱ ጨዋታው አይገባም። በእኛ አገር ስንዴ በአንድ ቀን አይደርስም። ቆላው ዴራ ይቀድማል፣ ኢተያ ይከተላል፣ ደጋው ሳጉሬ የመጨረሻ ነው። ኮምባይነሩም ከታች ወደ ላይ እያጨደ ይወጣል። ጣጣው ያለው መካከል ላይ ነው፤ «እኔ ልቅደም» የማይል ገበሬ የለም። ዝናብ ሳይጥልበት፣ በረዶ ሳይመታበት፣ ፍሬው ሳይረግፍበት ሁሉም ቀድሞ ጎተራ ማስገባት ይፈልጋል። ማን ዛሬ፣ ማን ነገ፣ ማን ከሳምንት በኋላ የሚለውን ወረፋ የምታወጣው ራቢያ ነበረች።

«ነበረች» ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ዛሬ ባለ ኮምባይነሩም ገበሬውም ስልክ ይዟል፤ በቀጥታ ይደዋወላል፣ ይዋዋላል። ዘንድሮ በኅዳር የሚደውልላት ሰው ካምናው እኩሌታውን አይሞላም። የቀሩት እንደ ሳጉሬው ኦቦ ቱፋ ያሉ፣ ቃላቸውን የማይለውጡ የድሮ ደንበኞቿ ናቸው። አንድ ቀን «ስልኬ ዝም ሲል ጆሮዬ ይጮህብኛል» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ወደ ካርዱ ያመጣት የኮምባይነር ጎማ ነው። ሀሰኖ ወደ ኢተያ መውጫ ላይ ጎሚስታ አለው። እሱና እኔ ከሥራ በኋላ እዚያው ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠን በስልክ እንጫወታለን። የጨዋታው ስም በእንግሊዝኛ ረጅም ነው፤ እኛ «ስድስቴ» እንለዋለን። ነገሩ ቀላል ነው። ቀስ በቀስ ካሰባሰብካቸው ካርዶች ስድስት ትመርጥና ከፊት ወደ ኋላ ትደረድራቸዋለህ። ባላጋራህም እንዲሁ ያደርጋል። ከዚያ «ጀምር» የሚለውን ከተጫንክ በኋላ እጅህ ተሰበሰበ ማለት ነው፤ መንካት የለም። የፊተኛው ከፊተኛው እኩል ይመታታል፣ የወደቀው ይነሳል፣ ከኋላው ያለው ይተካል። መጨረሻ ላይ የቆመ ካርድ ያለው አሸነፈ። ሁሉም ካርድ ጉልበትና ዕድሜ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ አንዳንዱ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ስለዚህ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አልቋል። ምርጫው ነው ሁሉ ነገር፤ ማን ይሰለፋል፣ ማን ከማን ይቀድማል።

ያን ቀን ራቢያ የኮምባይነር የፊት ጎማ ይዛ መጥታ፣ የተለጠፈው እስኪይዝ ከእኛ ጀርባ ቆማለች። ሀሰኖ ስድስቱን ደርድሮ ሊጫን ሲል ጣቷን በትከሻው ላይ አሳልፋ ስልኩን ነካችው።

«ይሄን ለምን አስቀደምከው?»

«ጠንካራው እሱ ነዋ፣ አዴ ራቢያ። ገብቶ ይጨርሳቸው!»

«ገና ነው እሱ። አልደረሰም። ያቺን ቀይዋን አስቀድም።»

«እሷ ደግሞ ምን አላት? እሳት ብቻ!»

«ቅድም ስትጫወት አላየሁም መሰለህ? ከኋላ ስትጠብቅ ቁጥሯ በየጊዜው ይቀንሳል። እየረገፈች ነው እኮ! የሚረግፈው ይቀድማል፣ የሚቆየው ይቆያል። ይሄ ምን ትምህርት ይፈልጋል?»

ሀሰኖ ቀይዋን አስቀደመ። አሸነፈ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲደበድበን የነበረ ባላጋራ ነበር! ሀሰኖ ብድግ ብሎ ጎማውን በቡጢ መታውና «እስከዛሬ የት ነበርሽ?» አላት። «ወረፋ ሳወጣ» አለች ራቢያ፣ ጎማዋን አስጭና ሄደች።

በማግስቱ ግን ጎማ ሳይኖራት መጣች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቡድን ሆንን። አራተኛው ሰው አሰግድ ነው፤ ፋርማሲ የሚሠራ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ ጸጉሩን በየሳምንቱ የሚቆረጥ፣ ነገር የሚያብላላ ልጅ። በቡድን ሲጫወቱ የሁሉም ካርድ አንድ ላይ ይከማቻል፤ ከዚያ ውስጥ ስድስቱን የሚመርጠውና የሚደረድረው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኛ አሰላፊ እንለዋለን። ቡድናችንን «ጭላሎ» ብለን አስመዘገብን፤ አሰላፊዋ ያለ ድምፅ ቆጠራ ራቢያ ሆነች። እንግሊዝኛውን አሰግድ ያነብላታል፣ ጠባዩን ያስረዳታል፣ እሷ ለየካርዱ ስም ታወጣለች። ጥርሱን የሚያገጥጠውን ጅብ «ባለ ሎንችናው» አለችው፤ አንድ የምታውቀው ሹፌር ይመስላል አሉ። ጋሻ ይዞ ከበር የማይንቀሳቀሰውን «ዘበኛው» አለችው። ወደ ኋላ እየረገጠች የምትዋጋ በቅሎም አለች፤ እሷን በማን ስም እንደጠራቻት አልጽፍም፣ ሰውየው ሰፈራችን ውስጥ ነው ያለው፣ ያነባል።

ማሸነፍ ጀመርን። አሥር ቡድን ካለበት ምድብ ሦስተኛ ደረስን! መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ ፋይል ሳገላብጥ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ፤ አለቃዬ ጤንነቴን ጠየቀኝ።

ታዲያ አንድ ቀን አሰግድ በስጦታ ከሚመጣው እሽግ ውስጥ ከሺህ አንድ የማይገኝ ካርድ አገኘ። ነጭ ጢም ያለው፣ ዘንግ የተደገፈ፣ ጋቢ የመሰለ ነገር የደረበ ሽማግሌ ነው። ጉልበቱ ሦስት ብቻ ነው። ጠባዩ ግን ጉድ ነው፤ ከፊቱ የተሰለፈ ወገን በወደቀ ቁጥር ሦስት ሦስት ጉልበት ይጨምራል። ከመጨረሻ ብታቆመው አምስት ሰው አልፎ እሱ ጋ እስኪደረስ አሥራ ስምንት ይሆናል። በምድባችን ውስጥ እንዲህ ያለ ካርድ ያለው ቡድን አልነበረም። አሰግድ ከደስታው ብዛት ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ነው ከፋርማሲ እየሮጠ የመጣው።

ራቢያ ካርዱን አየችው። ስልኩን ራቅ አድርጋ፣ ቀረብ አድርጋ አየችው። «ኦቦ ቱፋን ቁርጥ!» አለች። ኦቦ ቱፋን እኔም አውቃቸዋለሁ። የሳጉሬ ሰው ናቸው፤ ሁለት ሰፈር ቢጋጭ መካከል ገብተው የሚያስታርቁ፣ እሳቸው ሳይመርቁ ሠርግ የማይጀመር፣ ትልቅ ሰው። ካርዱም ያን ቀን «ኦቦ ቱፋ» ተባለ።

ከዚያስ? ከዚያማ ከሁሉ ፊት አሰለፈችው! መጀመሪያ። በር ላይ።

ተሸነፍን። በሚቀጥለው ሳምንትም አስቀደመችው፣ ተሸነፍን። ሽማግሌው በሦስት ጉልበቱ ወጥቶ በሦስተኛው ዱላ ይወድቃል፤ የቀሩት አምስቱም ይከተላሉ።

«እትዬ ራቢያ፣ እባክዎ» አለ አሰግድ፣ ጎማው ላይ መቀመጥ አቅቶት። «ይሄ ሰውዬ መጨረሻ ነው የሚቆመው። ሕጉ የራስዎ ነው! የሚረግፈው ይቀድማል፣ የሚቆየው ይቆያል ያሉት እርስዎ አይደሉም? እኔም ፋርማሲ ውስጥ ጊዜው ሊያልፍ የደረሰውን ነው ፊት የማስቀምጠው። ለዚህ ነው የወደድኩት!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሽማግሌ ከጅብ ኋላ አሰልፌ በየትኛው ፊቴ ሳጉሬ ልግባ?»

«ሥዕል ነው እኮ!»

«ሥዕልም ቢሆን ጢም አለው።»

ሀሰኖ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስታራቂ ሐሳብ አመጣ። «እሺ ጭራሽ አናሰልፈው። ቤቱ ይቀመጥ።»

«እሱማ ባሰ!» አለች ራቢያ። «ሁሉ ተጠርቶ እሱ የቀረ ሽማግሌ? ረግሞን ያርፋል።»

እዚህ ላይ የሌላ አገር ሰው ይስቅ ይሆናል። እኛ ጋ ግን ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲገባ ትልቅ ይቀድማል፣ ሲቀመጥ ትልቅ ከፍ ይላል፣ ሲበላ ትልቅ ይጀምራል። ራቢያ ይህን ከስንዴ በፊት ነው የተማረችው። ጣቷ ሽማግሌውን ወደ ኋላ ልትጎትተው ስትሞክር አይቻለሁ፤ እስከ ሦስተኛ ቦታ አድርሳው፣ እንደተቃጠለች ሁሉ ጣቷን አንስታ መልሳ ፊት አቆመችው። ሦስተኛውንም ሽንፈት ተሸነፍን። ከሦስተኛ ወደ ስምንተኛ ወረድን። አንድ ግጥሚያ ቀረ። ከምድቡ የሚወርዱት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ይህን ከተሸነፍን ዘጠነኛ ሆነን እንወርዳለን።

አሰግድ ክፉ ልጅ አይደለም። ይህን ማለት የነበረበት ሰው እኔ ነበርኩ፤ አፌ እምቢ ሲለኝ እሱ አለው።

«እትዬ ራቢያ፣ የመጨረሻውን እኔ ላሰልፍ።»

ሀሰኖ ያልጠፋበትን መፍቻ መፈለግ ጀመረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ራቢያ መልስ ከመስጠቷ በፊት ሻርፕዋን ፈታ እንደገና አሰረችው።

«እሑድን ለኔ ተው» አለች። «ከተሸነፍን ወረፋውን ላንተ አስረክባለሁ። እዚህም እየመጣሁ አላስቸግራችሁም።»

«እሱን እኮ አላልኩም...»

«እኔ አልኩ።»

ነገሩ ምን እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ካርድ ብቻ ቢሆን ማን ያስጨንቀዋል! ዘንድሮ «ራቢያ፣ ማን ይቅደም?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው የሳሳበት ዓመት ነው። ያለማቋረጥ የሚጠይቃት ቦታ ቢኖር ያ ቆርቆሮ ጥላ ነበር። እሑድ የሚወሰነው እሱ ነው።

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ጎሚስታው ዝግ ነው፤ ሀሰኖ ጥላውን ጠርጎ፣ ጎማዎቹን ደርድሮ፣ ለራቢያ ብቻ ወንበር አምጥቷል። ሰማዩ ወደ ጭላሎ በኩል ጠቆር ብሏል። ባላጋራዎቻችን የአዳማ ልጆች ናቸው፣ «ነበልባል» ይባላሉ። የያዙትን ካርድ ማየት ይቻላል፣ አሰላለፉ ግን አይታይም። አንድ ዘንዶ አላቸው፣ አንድ ፈረሰኛ አላቸው፣ ዕድሜው ሃያ የሆነ ግዙፍ ሰው አላቸው። ስድስቱን መርጦ ለመደርደር የተሰጠው ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ያ ካለፈ መሣሪያው ራሱ እንዳገኘ ይደረድራል። ጨዋታው ያለው በራቢያ ስልክ ላይ ነው፣ አሰላፊዋ እሷ ናትና።

ስድስቱን ለመምረጥ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። እሳቷ፣ ባለ ሎንችናው ጅብ፣ መንትዮቹ፣ ዘበኛው፣ በቅሎዋ፣ ኦቦ ቱፋ። ለመደርደር ጣቷን ስታነሳ ስልኩ ጮኸ።

«አይንሱት!» አለ አሰግድ።

«ሥራ ነው» አለች፣ አነሳችው። ኢተያ ያለው ኮምባይነር ሹፌር ነው። ማሳው አልቋል፣ ቀጥሎ ወዴት ልሂድ ይላል። ድምፅ ማጉያውን ከፍታ፣ በሌላ ጣቷ ካርዶቹን እያየች፣ «ድልድዩን ተሻገርና በቀኝ በኩል፤ የመበለቲቱን ማሳ ጨርስላት፣ ደመናውን አላየህም?» አለችው። ዘጋች። አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ኦቦ ቱፋን ፊት አቆመችው። አሰግድ ዞር ብሎ ግድግዳውን ማየት ጀመረ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። በዚህ ጊዜ ራቢያ ራሷ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ኦቦ ቱፋ ናቸው» አለች። ትልቅ ሰው ሲደውል ስልክ ተቀምጠው አያነሱም።

እውነተኛው ኦቦ ቱፋ ማለቷ ነው፣ የሳጉሬው። የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው፤ አሰላ ከተመደብኩ ሃያኛ ዓመቴ ነውና አንድ ቃል አላመለጠኝም። ሰላምታው ብቻ ሁለት ደቂቃ ወሰደ። የልጆች ጤና፣ የከብት ጤና፣ የብርዱ ነገር። አሰግድ በጣቱ ሰዓቱን እያሳየ ይንቆራጠጣል። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ማክሰኞ ኮምባይነሩ መጀመሪያ እኔ ማሳ ይገባል አሉኝ። ማነው እንዲህ ያለው?»

«እኔ ነኝ» አለች ራቢያ።

«ማሳዬን አይተሻል?»

ራቢያ አላየችውም ነበር። የሁሉንም ነክሳ፣ የእሳቸውን ሳትነክስ ነው ያስቀደመቻቸው።

«ማሳዬ ከሁሉ በላይ፣ ተዳፋቱ አናት ላይ ነው ያለው። ፍሬው ገና ይላመጣል። ከበታቼ ያሉት ልጆች ስንዴ ደርቆ መርገፍ ጀምሯል። የኔን ምን ብለሽ አስቀደምሽው?»

«እርስዎ እያሉ ማን ይቀድማል ብዬ ነዋ።»

ሽማግሌው ሳቁ። ደረቅ ሳቅ ነው፣ ሳል ያለበት። «ስሚኝ ልጄ። እኔ የምቀድመው ምርቃት ላይ ነው። አጨዳ ላይ የደረሰው ይቅደም። የነሱ እህል መሬት ላይ እየረገፈ እኔ ፊት ብቆም፣ አከበርሽኝ ነው ወይስ ከጎረቤቶቼ አጣላሽኝ?»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። መጨረሻ አድርጊኝ። የኔ ጠብቆ ይደርሳል፣ የትም አይሄድ። አላህ ይባርክሽ፣ እጅሽ አይዛል።»

ዘጉ። ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ይላል።

ራቢያ ቆማ ቀረች። ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው፣ ግን ስልኩን የምታይ አትመስልም። ከዚያ ጣቷን ሽማግሌው ላይ አደረገችና፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይመለስ፣ እሳቷን አሳልፋ፣ ጅቡን አሳልፋ፣ እስከ መጨረሻው ጎትታ አቆመችው። «ኦቦ ቱፋ፣ ራስዎ ነዎት ያሉት» አለችው ካርዱን። እሳቷን ፊት፣ ጅቡን ሁለተኛ፣ መንትዮቹን፣ በቅሎዋን፣ ዘበኛውን አምስተኛ። አንድ ጊዜ ከፊት እስከ ኋላ በዓይኗ አለፈችባቸው፤ ማሳ ዳር ቆማ እንደምታየው ዓይነት አስተያየት ነው፣ ደስ ሲል! አንድ ደቂቃ ከሃያ ሲቀር «ጀምር»ን ተጫነችና ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

«ያዝ። ሀሰኖ፣ ስልክህን አምጣ።»

«አትመለከቺም እንዴ?» አልኳት።

«ሥራ አለኝ። እናንተ እዩት።»

ወደ ጥላው ጠርዝ ሄዳ በሀሰኖ ስልክ ለኮምባይነሩ ባለቤት ደወለች። እኛ ሦስታችን ራስ ለራስ ገጥመን ተደፋን።

እነሱ ዘንዶውን አስቀድመዋል። እሳታችን ጉልበቷ ሳይቀንስ ገጠመችው፤ ከዘንዶው ዕድሜ ከግማሽ በላይ አቃጥላ ወደቀች። ጅቡ ገብቶ ጨረሰው። «አይ ባለ ሎንችናው!» አለ ሀሰኖ። ቀጥለው ያመጧቸውን ሁለቱን መንትዮቹና በቅሎዋ እየተቀባበሉ ጣሉ፣ እነሱም ወደቁ። ከወዲያ ደግሞ ራቢያ «ማክሰኞ ከታች ጀምር፣ ከታች! ኦቦ ቱፋን መጨረሻ አድርጋቸው። አዎ፣ አዝዘውኛል» ስትል ይሰማል። ዘበኛው አንድ ጥሎ ተንገዳገደ፣ ፈረሰኛው ገብቶ ጣለው።

ቀረን አንድ። እነሱ ሁለት አላቸው። ፈረሰኛውና ግዙፉ።

ሽማግሌው ዘንጉን እየተመረኮዘ ወጣ። ከራሱ በላይ ያለው ቁጥር ሦስት አይልም፤ አሥራ ስምንት ይላል። አሰግድ እጄን ጨመቀው፣ እስካሁን ያመኛል። ፈረሰኛውና ሽማግሌው እኩል ተማቱ፤ ፈረሰኛው ከነፈረሱ ጠፋ። የሽማግሌው ዕድሜ ከሃያ አሥራ አንድ ሆነ። ግዙፉ ገባ። አንድ ምት፤ ግዙፉ ሁለት ቀረው፣ ሽማግሌው ስድስት። ሁለተኛ ምት። ስልኩ ቀጥ አለ። ኔትወርክ! ሀሰኖ «በአላህ፣ አሁን?» ብሎ ሰማይ ሰማይ አየ። ከዚያ ሥዕሉ ዘለለና ግዙፉ መሬት ላይ ተዘርሮ ታየ። ሽማግሌው ቆሟል። ዕድሜው አንድ። አንዲት!

ጩኸታችንን ሰምቶ ከወዲያኛው መንገድ አንድ ባጃጅ ቆመ። ሀሰኖ ጎማ ላይ ወጥቶ ይዘላል፤ እኔ፣ አርባ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጫማዬ ወልቆ ቀርቷል። ራቢያ ወደኛ ዞራ በመዳፏ አየሩን ወደ ታች ተጫነችው፣ ዝም በሉ፣ አልሰማሁም ማለቷ ነው። ንግግሯን ጨርሳ፣ «እሺ፣ ቶሌ» ብላ ዘግታ መጣች።

«ምን ሆነ?»

«አሸነፍን» አለ አሰግድ። «አንድ ዕድሜ ቀርቶት አሸነፈ።»

«ማን?»

«ኦቦ ቱፋ።»

ራቢያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ቀስ ብሎ፣ ከአገጯ ጀምሮ፣ ፊቷ ሁሉ በራ። «ደርሶ ነበራ» አለች።

አሰግድ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። የሚቀጥለው ዙር መመዝገቢያ ወዲያው ተከፍቷል፤ የቡድን ስም፣ የአሰላፊ ስም፣ ይላል። ቁጢጥ ብሎ ከወንበሯ አጠገብ ተቀመጠ፣ መጻፍ ጀመረ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችው።

«አሰላፊ ይላል። የእርስዎን ስም እየጻፍኩ ነው።»

«የራስህን ጻፍ ብልህስ?»

«ሽማግሌውን መጨረሻ አድርግ ማለትን እኔም አውቅ ነበር፣ እትዬ። ቀይዋን ከጅቡ፣ ጅቡን ከመንትዮቹ፣ በቅሎዋን ከዘበኛው ማስቀደምን ግን አላውቅም። ዘበኛው አራተኛ ቢሆን ኖሮ አንዲቷም ዕድሜ አትተርፍም ነበር፤ አሁን አሰላሁት።» ቀና ብሎ አያት። «የትውልድ ዘመን ይጠይቃል።»

«ስልሳ አምስት።»

«በፈረንጅ ነው የሚፈልገው። ሰባ ሦስት ይሆናል።»

የዓመቶቹ ዝርዝር የሚጀምረው ከልጆቹ ነው። አሰግድ በአውራ ጣቱ ወደ ታች መግፋት ጀመረ። ሁለት ሺህ አሥር፣ ሁለት ሺህ አምስት፣ ሁለት ሺህ።

«ገና ነኝ» አለች ራቢያ። «ውረድ።»

ዘጠና አምስት፣ ዘጠና።

«ነዳጅ ቅዳ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» አለ ሀሰኖ።

«አንተ ዝም በል። ውረድ አሰግድ፣ አትፈር።»

ሰማንያ አምስት፣ ሰማንያ። አሰግድ በኃይል ገፋው፤ ዓመቶቹ ተንደረደሩ።

«ኧረ አለፍከኝ! ስድሳዎቹ ውስጥ ገባህ እኮ! ያን ያህልም አላረጀሁም፣ ተመለስ፣ ተመለስ... ቀስ... አቁም!»

ሰባ ሦስት ላይ ቆመ። ራቢያ ጎንበስ አለችና በራሷ ጣት ተጫነችው።